ስም ጠባቂዎቻችን ይኑሩልን

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ከመስታወቱ ላይ ጽሑፍ ሲፍቅ አይተን፣ ስም የሚጠብቅልን ሰው እንዳላጣን ተጽናንተናል። ጥፋቱ የአንድ ነፃ ሶፍትዌር ስም ጽፎ «እንጭናለን» ማለቱ ነበር። ኮዱን ቅዳ፣ ለውጥ፣ አባዛ ተብሎ ለዓለም ሁሉ ተሰጥቷል፤ ስሙን መጥራት ግን ፈቃድ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል?

የፕሮጀክቱን ገድል ድሬዳዋ ውስጥ ያልሰማ የለም። ጓደኛሞቹ ለሱቆች የሂሳብ መዝገብ ሊሠሩ ተነሥተው በመጀመሪያው ወር ስም አወጡ፣ በሁለተኛው አርማ አሠሩ፣ በሦስተኛው በአርማው ብርቱካናማ ቀለም ተጣልተው አንዱ ወገን ስሙን፣ ሌላው ኮዱን ይዞ ወጣ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እነዚህ ግን ከልደትም በፊት አዋሉት። ባለስሙ ወገን ኮድ ስለሌለው ሥራው ቀለለትና የስም አጠቃቀም መመሪያ አወጣ፣ ስሙ በካናቴራ ላይ የሚታተምበትን ስፋት ወሰነ፣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም የራሱን ስም የሚያስመዘግብ ንዑስ ኮሚቴ ሰየመ። ባለኮዱ ወገን ባወጣው አዲስ ስም ሁሉ «ያደናግራል» የሚል ደብዳቤ ስለሚደርሰው ፕሮግራሙን ዛሬ «ያ ነገር» እያለ ያድላል። ያ ነገር ጳጉሜን ሲገባ አሁንም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የመጋላ ነጋዴ የእነዚያን ቀናት ሽያጭ በደብተር ይጽፋል። ስሙ ግን ፍንክች አላለም።

ጥበቡ ከእኛ አልጀመረም። የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ፊኒክስ ሲባል የስሙ ባለመብት መጣበት፤ በ2003 ፋየርበርድ ሲባል በዚያው ስም የሚጠራ ነፃ የዳታቤዝ ፕሮጀክት ተቆጣ፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2004 ነው። እርሱም በተራው ስሙን መጠበቅ ስለጀመረ፣ ደቢያን በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ያው ፕሮግራም ከ2006 እስከ 2016 አይስዊዝል እየተባለ ኖረ።

አጭበርባሪ በታወቀ ስም ቫይረስ እንዳይሸጥ ሕግ መኖሩን ማንም አይጠላም፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሸማች እንዳይደናገርም ጭምር የወጣ ነው። ነገር ግን ሌሊት ቁጭ ብሎ የፕሮግራሙን አማርኛ ያረመን፣ አምስት ሳንቲም ያልተከፈለውን ልጅ፣ ስሙን በሥራ ማመልከቻው ላይ ስለጠቀሰ «በሕግ እንጠይቅሃለን» ማለት ነውር ነው። ጉልበቱን በነፃ ሲበሉ ባለቤትነቱ የት ነበር?

ወደ ምስጋናችን እንመለስና፣ አንባቢ እንዳስተዋለው የሶፍትዌሩን ስም እስካሁን አልጠራንም። ፈቃድ ለመጠየቅ ብንሄድ፣ በማመልከቻው ላይ የማንን ስም ለመጥራት እንደምንጠይቅ መጻፍ ራሱ ቅድሚያ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በትሕትና ተነግሮናል።