ድምፅ አልባው ናቪጌሽን

ዛሬስ አንጀቴ አረረ! ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ ላይ 95፣ 395 እና 495 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበትን ቦታ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ለአፍታ ከተዘናጋህ አለቀ። ናቪጌሽኑ ደግሞ ዝም! ካርታው ይሄዳል፣ ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ መንገድ የምትመራኝ ሴትዮ ድምፅ ግን የለም። መውጫዬ አለፈኝ።

ነዳጅ ማደያ ቆሜ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ብሉቱዙን ፈትቼ መልሼ አገናኘሁ። ወይ ፍንክች! ለካ በዚህ መኪና የመሪዋ ድምፅ ከሙዚቃው የተለየ ነው፤ የሚጨመረውም እሷ እያወራች ሳለ ብቻ ነው። ድምፁ ዜሮ ላይ ከሆነ መናገሯን በምን ልወቅ? ምናለ አንድ ቁልፍ ፊት ለፊት ቢያደርጉለት? ሰው እየነዳ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ አለበት እንዴ? ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ 40 ደቂቃ ጠበቀችኝ።