እርማት፦ ጥሩ ውጤት የትኩረት ችግር አለመኖሩን አያረጋግጥም

«ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ስለምትወጣ የትኩረት ችግር ሊኖርባት አይችልም» ሲሉ እርስዎ የጻፉት በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ቢሆንም ትክክል አይደለም። ብሩህ አእምሮ ችግሩን፣ ማለትም ADHD የሚባለውን የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሁኔታ፣ ለዓመታት ሊሸፍነው ይችላል፤ በተለይ በሴቶች ልጆች ላይ ከመቅበጥበጥ ይልቅ በሐሳብ መንጎድ፣ መርሳትና ሥራን ማዘግየት ጎልቶ ስለሚታይ፣ ክፍል ስለማይረብሹም፣ ብዙ ጊዜ ልብ የሚላቸው የለም። ሌሊቱን ነቅታ የጨረሰችውን የቤት ሥራ ቦርሳዋ ውስጥ ረስታ ሳታስረክብ የምትመለስ ልጅ «ሰነፍ» መባሏ እጅግ ያሳዝናል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ በርከት ያሉ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸውን እንጂ በፈተና መውደቅን መስፈርት አያደርግም። ስለዚህ ልጅዎን ለሚመረምራት ባለሙያ ውጤቷን ብቻ ሳይሆን እሱን ለማምጣት ምን ያህል እንደምትደክም፣ በልጅነቷም ምን ይታይባት እንደነበር በዝርዝር ይንገሩ።