ቁልፉ ማን ጋ ነው?

መጀመሪያ አንድ የአበባ መትከያ በጋራ መተላለፊያው ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። ያምራል፤ ማንም ምንም አይልም። ከወር በኋላ ሁለተኛው ይጨመራል። ከዚያ የልጅ ብስክሌት፣ ከዚያ ከእድሳት የተረፈ ቆርቆሮ። አንድ ቀን ከኋላ ያለው ጎረቤት ፍሪጅ አሸክሞ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ መሃል ላይ ቀጥ ይላሉ። «ማነው ይሄን እዚህ የደረደረው?» ይባላል። ሁለቱም ቤት ካርታውን ከመሳቢያ የሚያወጣው ያን ቀን ነው።

በቤቶች መሃል ያለች የጋራ መተላለፊያ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር እንኳ አትሞላም። ግን በየቀኑ ይታለፍባታል። ዛሬ የከሰሱትን ሰው ነገ ጠዋት እዚያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ማለፍ አለ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጡት ዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚባሉት የሮማውያን ጥንታዊ የጽሑፍ ሕጎች መተላለፊያ ቀጥ ባለበት 8 ጫማ፣ በሚታጠፍበት 16 ጫማ ይሁን ብለው ነበር። ጋሪ ሲዞር ቦታ እንደሚፈልግ ያኔም ገብቷቸዋል። ኩርባው ላይ መኪናውን ገትሮ የሚገባው ሰውዬ ግን እስካሁን አልገባውም። ይበልጥ የሚጥመኝ ሌላው ድንጋጌ ነው፦ መንገዱን የመጠገን ግዴታ ያለባቸው ካልጠገኑት፣ አላፊው ከብቱን ባሻው በኩል ይንዳ ይላል።

መውጫ ያጣ ባለይዞታ በጎረቤቱ በኩል ማለፍ እንዲችል የብዙ አገር ሕግ ይፈቅዳል። ነፃ ግን አይደለም። በፈረንሳይ ሕግ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ ይከፍላል፤ መንገዱም ጎረቤቱን እምብዛም በማይጎዳበት በኩል ይወጣል።

ጭቅጭቁ የሚከርረው «ይሄን ሁሉ ዓመት ስናልፍበት ኖረናል» ሲባል ነው። በእንግሊዝ ይህ ክርክር ያስኬዳል፤ 20 ዓመት በግልጽ፣ ያለ ጉልበትና ያለ ፈቃድ ያለፈ ሰው መብት ሊያገኝ ይችላል። በፈረንሳይ ግን የመተላለፊያ መብት በዘመን ብዛት አይገኝም፤ ሰነድ ይጠየቃል። የእንግሊዙን ልብ በሉልኝ፤ «ያለ ፈቃድ» ነው የሚለው። «ግድ የለም፣ እለፍ» የተባለ ሰው በፈቃድ ነው ያለፈው፤ ስለዚህ ዓመቱ አይቆጠርለትም። ደግ ጎረቤት ያገኘው ሰው ማስረጃ የለውም፤ ደጉም ጎረቤት አንድ ቀን «መብቴ ነው» ሲባል ክው ይላል።

ስለዚህ እላለሁ፦ ሳትጣሉ ጻፉት። «በእኛ መሃል ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ለእናንተማ ምንም አያደርግም። ወረቀቱ ነገ ቤቱን ለሚገዛው፣ ለወራሹ ነው። እነሱ የእናንተን ቡናም ወዳጅነትም አልቀመሱም። ስፋቱ ስንት ነው? መኪና ይገባል ወይስ እግረኛ ብቻ? ቦዩ ሲደፈን ማን ይጠርገዋል? ግንባታ ያለው ሰው አሸዋውን ስንት ቀን ያቆየዋል? አንድ ገጽ ይበቃል። ሕጉ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ማስመዝገብ ነው።

ከሁሉም በላይ የበሩ ነገር። ከፊት ያለው ቤት ሌባ ፈርቶ መተላለፊያው አፍ ላይ የብረት በር ያስገጥማል። አልፈርድበትም። ግን ቁልፉ ለሁሉም ቤት መድረስ ያለበት በሩ ገና አንዴም ሳይቆለፍ ነው። ሌሊት የታመመ ልጅ ታቅፎ የሰው በር መቆርቆር ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያሉ ሁለት ጎረቤቶችን ላስታርቅ ገብቼ ነበር። ሁለት ዓመት ተዘጋግተዋል። ስለ ድንበር፣ ስለ ካርታ፣ ስለ ክብር ብዙ ተባለ። መጨረሻ ላይ የኋለኛዋን ሴትዮ «አሁን ምን ቢደረግልሽ ነው የምትፈልጊው?» አልናት።

«ቁልፍ» አለች።

ማስቀረጹ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሁን የሚነታረኩት ስለ ቦዩ ነው።