የግልጽነት ዋንጫ ለባሕር ዳር

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብለው የተረቱልን አባቶች ቪዲዮ ኮል አላዩም። ቢያዩ ኖሮ ያፍሩበት ነበር። እኛ ልጆቻቸው ግን መጠርጠር የሚባለውን ኋላቀርነት ጣና ውስጥ ወርውረን ተገላግለናል። ስለዚህ ዛሬ ምስጋና ልጽፍ ነው። ምስጋናው ለማያውቀው ሰው በካሜራ ፊት ገበናውን ለሚዘረግፈው የከተማችን ነዋሪ ይድረስልኝ። እንዲህ ያለ ቸር ሕዝብ ከወዴት ይገኛል?

እስቲ ከሰዓት በኋላ ማንጎ ፓርክ ሂዱ። ሐይቁ ዳር፣ ዛፉ ጥላ ሥር ቡና አዝዛችሁ ተቀመጡ። ሬዲዮ አያስፈልጋችሁም። ከጎናችሁ ያለው ጎረምሳ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ፣ ስፒከር ላይ አድርጎ፣ ትናንት ማታ አንድ የመተዋወቂያ አፕ ላይ ያገኛትን ልጅ እያናገረ ነው። ኢርፎን? ኢርፎን የፋራ ነው።

“ይኸውልሽ ጣና!” ይልና ካሜራውን ያዞራል። ጣና ይታያል። ከዘጌ የሚመለሰው ጀልባ ይታያል። እኔም እታያለሁ፣ የአሳ ጥብሴን በእጄ ይዤ፣ አፌን ከፍቼ። ማንም አላስፈቀደኝም። ምን ያስፈቅዳል? ከዚያ የት እንደሚሠራ ነገራት። ደሞዝ በስንት እንደሚገባ ነገራት። ቤቱ ከየትኛው ዳቦ ቤት ጀርባ እንደሆነ፣ እናቱ ለንግሥ ገጠር ስለወረዱ ቤቱን እሱ ብቻውን እንደሚጠብቅ ነገራት። “ብቻዬን ነኝ” ሲል ድምጹ ከፍ አለ። ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች እንዳይቀርባቸው መሰለኝ። አስተናጋጁ ሒሳብ ሊቀበል መጥቶ ወሬው እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆመ።

እሷስ ምን ነገረችው? ስሟን። እሱም “ስዊቲ” ነው። ካሜራዋ ደግሞ ተበላሽቶባታል። ካሜራ የተበላሸባትን ምስኪን ልጅ መጠርጠር እንዴት ያለ ነውር ነው!

ይህ ቸርነት ታዲያ ለአገር ሰው አይደረግም። ለአገር ሰው እንደ ጥንቱ ነን። ጎረቤት “ወዴት ነው?” ቢል መልሱ “እዚህ ድረስ” ነው። እዚህ ድረስ ማለት ጎንደርም ሊሆን ይችላል። ሽምብጥ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። አንድ ሌሊት አከራይዋ በራፏ ላይ ቆመው ተጣሩ።

“አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?”

“ከማንም ጋር እትዬ። የቤት ሰዎች ናቸው።”

የቤት ሰዎቹ አንድ ካፒቴን ነው። ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ውቅያኖስ መሐል መርከብ የሚነዳ። እትዬ አንድ ጊቢ ውስጥ አብረዋት እየኖሩ የአባቷን ስም አያውቁም። ካፒቴኑ ያውቃል። የተወለደችበትን ቀን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሯን፣ የመኝታ ቤቷን መጋረጃ ቀለም ያውቃል። ፋይዳ ካርዷንም ፎቶ አንስታ ልካለታለች፣ ከነጀርባው። “ለቪዛሽ ነው” ስላላት።

ካፒቴኑም ውለታ አይረሳም። ስልክ፣ ሽቶና የወርቅ ሰዓት የታጨቀበት ካርቶን ላከላት። ካርቶኑ ግን አዲስ አበባ ሲደርስ ጉምሩክ ያዘው። ማስለቀቂያው ትንሽ ብር ነው፤ የሚገባውም በአንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። ጉምሩክ በግለሰብ ሒሳብ ቀረጥ መሰብሰብ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፍቅር ይዞት አያውቅም።

ከዚሁ ሐይቅ ላይ፣ ጣና ቂርቆስ ደሴት፣ ታቦተ ጽዮን ለመቶዎች ዓመታት ተሰውራ ኖራለች የሚል ትውፊት አለ። የደሴቶቹ መነኮሳትም የብራና መጻሕፍታቸውን እስከ ዛሬ ጠብቀው አቆይተዋል። ምን ያደርጋል ታዲያ? እኛ ዘንድ አንድ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ አንድ ሰዓት አያድርም። “በስልክሽ ኮድ ይመጣልሻል፣ ንገሪኝ” ስትባል ግማሹን ቁጥር በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ታነባለች። በነጋታው ከቴሌግራሟ ለዘመዶቿ ሁሉ “ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ” የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። እሷ ተኝታ ሳለ! ሥራ የሚያቀልልን ሰው ማግኘት መታደል ነው።

አሁን ስለ ፋራዎቹ ላውራ። በየሰፈሩ አንዳንድ አይጠፉም። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውም አይናገሩም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስልክ ቁጥራቸውን ከማያውቁት ሰው ይደብቃሉ። በኮዱ ላይ ሌላ የይለፍ ቃል ይደርባሉ። ለጠበሳው ገጽ የሚያወጡት ፎቶ ፌስቡክ ላይ የሌለውን ነው፤ በአንድ ፎቶ ጎግል ላይ ተፈልገው እንዳይገኙ ይፈራሉ። ያንኑ ደግሞ በሌላው ላይ ያደርጉታል። የካፒቴኑን ፎቶ ጎግል ላይ ፈልገው የሌላ ሰው ሆኖ ሲያገኙት የሚሰማቸው ደስታ! ምቀኝነት ነው።

ቪዲዮ ሲደውሉ ባዶ ግድግዳ ፊት ይቀመጣሉ። የተሰቀለ ዲፕሎማ የለ፣ የቤተሰብ ፎቶ የለ፣ መስኮት የለ። ከኖራ ጋር ፍቅር ይያዛል? “እስቲ እጅህን በፊትህ ላይ አሳልፍ” ይላሉ ደግሞ፤ ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ወይም በኤአይ የተለጠፈ ፊት እንዳይሆን። እንደሱም አድርገው ሙሉ በሙሉ አያምኑም። መጀመሪያ የሚገናኙት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚተራመስበት ቦታ፣ ለጓደኛ ሎኬሽን ልከው ነው። ማታ በጀልባ ወደ ደሴት እንሻገር ሲባሉ “ሌላ ቀን” ይላሉ። ደረቅ ሁላ።

አንዷማ ፎቶ በፋይል አልክም ትላለች። ሎኬሽን በርቶ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ያጠፋዋል፣ በፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል ብላ አፍዝዛ ያዘችኝ። ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ለአራዶቻችን አንድ ሐዘን ደርሶ ነበር። ኦሜግል የሚባለው፣ ማንንም ከማንም ጋር በቪዲዮ የሚያጋጥመው ገጽ፣ በፈረንጆቹ 2009 የ18 ዓመት ልጅ ከፍቶት በ2023 ተዘጋ። ከፋቹ ራሱ ዘግናኝ ወንጀል እንደተሠራበት አምኖ ነው የተሰናበተው። አይዟችሁ፣ ተተኪ ሞልቷል።

የግልጽነት ጥጉ ደግሞ ሌሊት ነው። አንዲት ቆንጆ ለአንዱ አራዳ ትደውላለች። እሷ ጀመረች፣ እሱም ተከተለ፣ ልብስ ወለቀ። ስልኩ ተዘግቶ ትንሽ ሳይቆይ ቪዲዮው ተመልሶ ይመጣል። ከሥሩ የፌስቡክ ጓደኞቹ ዝርዝር አለ፤ አጎቱ፣ አለቃው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹ። “20 ሺህ ብር ላክ፣ አለዚያ ለሁሉም እለቀዋለሁ።” ጀግናችን ይልካል። በሳምንቱ 30 ይባላል። ከማኅበሩ ተበድሮ ይልካል። ዕቁቡን እንዲህ በሰዓቱ ጥሎ አያውቅም።

ፋራው ግን ገንዘብ ይወዳል። አንዴ የከፈለ ሁሌ ይከፍላል ብሎ አምስት ሳንቲም አይልክም። ስክሪንሹት ይይዛል፣ አካውንቱን ሪፖርት አድርጎ ብሎክ ያደርጋል፣ ለሚያምነው ሰው ይናገራል፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ ብሎ ይከራከራል። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ገጽም ያውቃል። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ምስሉን ራሱን ሳይልክ የምስሉን አሻራ (ከምስሉ የሚወጣ መለያ ኮድ) ብቻ አስመዝግቦ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ እንዳይለጠፍ ማሳገድ ይችላል አሉ። እንዴት ያለ ጣጣ! (ለነገሩ ማፈር የነበረበት ማን ነው? የተቀረጸው ነው ወይስ የቀረጸው? የኛ ሰፈር ሰው የሚያፈጠው ግን ሁሌ የተቀረጸው ላይ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ አይጣል።)

መንግሥትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥቷል። መልካም ነው። ሌላው ሰው መረጃዬን ያለ አግባብ እንዳይጠቀም ይከለክልልኛል። እኔ ራሴ በስፒከር እንዳላነበው የሚከለክለኝ አንቀጽ ግን አላየሁበትም፤ ለዚህ ሕግ አውጪውን ከልብ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻ ለከተማ አስተዳደሩ ሐሳብ አለኝ። በግንቦት 2016 የተመረቀው የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ሰፊ ነው፣ ሌሊትም መብራት አለው። በሁለቱም ወገን ሰሌዳ ይተከልና የነዋሪው ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ ደሞዝና ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ይጻፍበት። ሌባው የዳታ ወጪ ይቀርለታል፤ እኛም ጉሮሯችን ያርፋል። መመዝገብ የሚፈልግ ፎቶውንና የፋይዳ ካርዱን ያቅርብ። ካርዱ የጠፋበት ሰው ደግሞ አይጨነቅ፤ ኮፒው ካፒቴኑ ጋ አለ።