ባሕር ዳር በለንደን ሚዛን

የዓለም ከተሞችን በደረጃ በሚያሰልፉ ጥናቶች ውስጥ ባሕር ዳርን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከዚህ ተነስቶ «ከተማዋ ከዓለም ተነጥላለች» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። መጀመሪያ ሰንጠረዡ ምን እንደሚቆጥር ማየት ያስፈልጋል።

በዘርፉ ስሙ የገነነው በእንግሊዙ ላፍብራ ዩኒቨርሲቲ፣ በጂኦግራፊ ምሁሩ ፒተር ቴይለር የተመሠረተው የዓለም ከተሞች ጥናት መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መረጃ ሲሰበስብ 100 ድርጅቶችንና 315 ከተሞችን ወሰደ። ድርጅቶቹ በሂሳብና ኦዲት፣ በማስታወቂያ፣ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በሕግና በማኔጅመንት ማማከር የተሰማሩ ናቸው። ለመመረጥ ቢያንስ በ15 ከተሞች ቢሮ ሊኖራቸው፣ ከእነዚህም ውስጥ በሰሜን አሜሪካ፣ በምዕራብ አውሮፓና በፓስፊክ እስያ ቢያንስ አንድ አንድ ሊገኝ ይገባ ነበር። እዚህ ወንፊት ላይ የትኛውም የኢትዮጵያ ባንክ ይቀራል። የውጭዎቹም ቢሆኑ የባንክ ሥራ አዋጁ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እስኪጸድቅ ድረስ፣ ወኪል ቢሮ ከመክፈት አልፈው እዚህ አገር ባንክ ሆነው መሥራት አይችሉም ነበር። የባሕር ዳር ዜሮ የመጣው ከመስፈርቱና ከሕጉ ነው፤ የከተማዋን ንግድ ማንም አልቆጠረውም። የከተማ ጂኦግራፊ ምሁሯ ጄኒፈር ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ይህ ዓይነቱ ጥናት በርካታ ከተሞችን ከካርታ ውጭ ያደርጋል ብለው ያቀረቡት ትችት እኛንም ይመለከታል።

ስሌቱን ግን መጣል አይገባም። ቀላል ነው፤ ኤክሴል የሚያውቅ አንድ የማስተርስ ተማሪ ይሠራዋል። የእያንዳንዱ ድርጅት ቢሮ እንደ ክብደቱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ቢሮ ከሌለ 0፣ መደበኛ ቢሮ 2፣ ዋና መሥሪያ ቤት 5። ከዚያ የሁለት ከተሞች ነጥብ ይባዛል፣ የሁሉም ድርጅቶች ብዜት ይደመራል። የአንድ ከተማ ትስስር ከሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ጋር ያለው ድምር ነው።

አንድ የአገር ውስጥ ባንክ እንውሰድ። አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ስላለ 5፣ ባሕር ዳር የዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ስላለ 3፣ ጎንደርና ደሴ ቅርንጫፍ ብቻ ስላላቸው 2፣ 2 ይሁን። የባሕር ዳር ትስስር 15 ሲደመር 6 ሲደመር 6፣ በድምሩ 27 ነው። የአዲስ አበባ 35፣ የጎንደር 20 ይሆናል።

ችግሩ እዚሁ ስድስቱ ላይ ነው። ስሌቱ ባሕር ዳርንና ጎንደርን በ6 ያገናኛቸው ሁለቱም ጋ ቢሮ ስላለ ብቻ ነው። ጎንደር ላይ ከቅርንጫፉ የማጽደቅ ሥልጣን በላይ የሆነ ብድር ሲጠየቅ ፋይሉ ወደ ዲስትሪክት፣ መጠኑ ከፍ ካለ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጎንደር ከደሴ ቅርንጫፍ ጋር ግን የሚጻጻፈው ነገር ላይኖረው ይችላል፤ ስሌቱ ግን ለእነሱም 4 ይሰጣል። የአብዛኞቹ ባንኮቻችን ዋና መሥሪያ ቤቶች አዲስ አበባ በመሆናቸው፣ ተጨማሪ ባንክ በጨመርን ቁጥር ይኸው ስህተት ይደራረባል እንጂ አይቃናም። የቅርንጫፍ ብዛትን እንደ ክብደት መውሰድም ያው ነው፤ በአንድ መንገድ ዳር የተደረደሩ አምስት ቅርንጫፎች አንድ ዲስትሪክት አይሆኑም።

ስለዚህ የጣና ዳር ተመራማሪ ከቢሮ ቆጠራ ጎን የሚንቀሳቀሰውን ነገር ራሱን መቁጠር አለበት ብለን እናምናለን፤ በመናኸሪያ የስምሪት መዝገብ የተመዘገበውን የተሳፋሪ መኪና፣ ከፎገራ በወረታ በኩል የሚጫነውን ሩዝና ሽንኩርት፣ ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ። መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀን፣ ክብደት፤ አራት ዓምድ ይበቃል። መድረሻው ሹፌሩ የነገረው የመጨረሻ ማራገፊያ እንጂ ቀጣዩ ከተማ መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ አዲስ አበባ የሚራገፈው ሩዝ ደብረ ማርቆስ ላይ ይቀራል።

ዓሣው ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆሮሶ ከጀልባ ሲወርድ ከነአጥንቱ ይመዘናል። ተገፎ ሥጋው ብቻ ሲቀር ግን ከክብደቱ የሚተርፈው ሲሶው አካባቢ ነው፤ በበረዶ ተደርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነውም ይኸው ነው። ዳር ላይ 300 ኪሎ፣ መኪና ላይ 100 ኪሎ የመዘገበ ሰው የተቀረው ባሕር ዳር የተበላ ይመስለዋል። ሁለቱንም ወደ አንድ መለኪያ ሳይመልሱ መደመር ሰንጠረዡን ያበላሻል።

የአንድ ወር ቆጠራም አይበቃም። ሩዙ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፣ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት በበጋው ይወጣል፣ ዓሣ በዓቢይ ጾም ፈላጊው ይበዛል። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ መዝገቡ ላይ ዜሮ ከመጻፍ «ተዘግቷል» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ያለዚያ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ንግድ የጠፋበትን ወር መንገድ ከታጣበት ወር መለየት አይችልም።