ቦቶክስ ቅንድብ መቀንደብ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የደሴ የውበት ሳሎን ባለቤት ቲክቶክ ላይቭ ገብታ ስለ ቦቶክስ፣ ሽብሽብ ለማጥፋት ፊት ላይ ስለሚወጋው መድኃኒት፣ ስታወራ ሰማኋት። «ቦቶክስ ቅንድብ ከመቀንደብ አይለይም። ሦስት ቀን ሠልጥኜ ሰርተፊኬት ይዣለሁ። ሐኪሞቹ የሚያስፈራሩት ገበያው እንዳያመልጣቸው ነው» አለች። ከሥር የልብ ምልክት ይዘንባል። ወዲያው ለሰርግ ወቅት ቅናሽ እንዳደረገች ተናገረች። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከቅንድቡ እንጀምር። በክር ሲቀነደብ የተበላሸ ቅንድብ ተመልሶ ይበቅላል። ቢብስ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጥና ይጠፋል። ክር ጡንቻ ውስጥ አይገባም። ነርቭም አይነካም። ቦቶክስ ግን ሥራው ራሱ ነርቭ ላይ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቦቱሊነም የሚባል መርዝ ነው፤ በአግባቡ ያልታሸገ ምግብ ውስጥ ተፈጥሮ ሰው የሚገድለው ያው መርዝ። እጅግ በጥቂቱ ሲወጋ ነርቩ ለጡንቻው የሚልከውን መልእክት ያቋርጣል። ጡንቻው ይተኛል፤ ከላዩ ያለው ቆዳም ይዘረጋል። ሦስት አራት ወር እንዲሁ ይቆያል። ይህንን ከክር ጋር ማመሳሰል ድፍረት ነው።

መድኃኒቱ ከሳሎን አልመጣም። የመጣው ከዓይን ሐኪሞች ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ስትፈቅደው ለሸውራራ ዓይንና ሳይፈልጉት ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ነበር። ካናዳዊቷ የዓይን ሐኪም ጂን ካሩዘርስ ለዓይን ቆብ የሚወጓቸው ሰዎች የቅንድባቸው መሐል ሽብሽብ እየጠፋ መሆኑን አስተዋሉ። ነገሩ ተጠንቶ ለሽብሽብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ለዚያ 13 ዓመት ፈጅቷል። እዚህ ሦስት ቀን በቂ ሆነ።

የአክስቴ ልጅ አረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ሰርጓ ሲደርስ ኮምቦልቻ አንድ ሳሎን ገብታ ግንባሯን ተወጋች። በአምስተኛው ቀን ቀኝ ዓይኗ መከደን ጀመረ። ቤቱ ተሸበረ። እናቷ «ዓይን በላት» ብላ ዱዓ አስደረገች። ጎረቤታቸው ጠበል ይዛ መጣች። ልጅቷ ሳሎኑ ተመልሳ ስትጠይቅ «እሽት እሽት አድርጊው፣ ይለቅሻል» ተባለች። መታሸት የተኛን ጡንቻ አይቀሰቅስም። በሰርጓ ቀን ቀኝ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ ነበር። ፎቶዎቹን እስከ ዛሬ ለማንም አታሳይም።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቅንድብን ወደ መሐል የሚሰበስበው ጡንቻና የዓይን ቆብን የሚያነሣው ጡንቻ ጎረቤታሞች ናቸው። የዋናው ቦቶክስ መመሪያ ለቅንድብ መሐል አምስት ቦታ ያዝዛል። በእያንዳንዱ 4 ዩኒት (ዩኒት የመድኃኒቱ መለኪያ ነው)፣ በድምሩ 20። ከዳር ያሉት መርፌዎች ከቅንድብ አጥንት ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ከፍ ማለት አለባቸው። አንድ ሳንቲሜትር! የትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ናት። ያቺን ያልጠበቀ ሰው መርዙ ወደ ዓይን ቆቡ ሲወርድ ማቆም አይችልም። የተወጋውን መልሶ የሚያጠፋ መድኃኒትም የለም። ጡንቻው እስኪነቃ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት መጠበቅ ነው።

ደግሞ ቦታውን መሸምደድ ብቻውን አያድንም። የአንዳንድ ሴት የዓይን ቆብ ከድሮም ደከም ያለ ነው። ሳታውቀው ግንባሯን ወደ ላይ እየሳበች ነው የምታየው። የግንባሯ መስመር የመጣው ከዚያ ነው። እሷን መስመሩን አጠፋንልሽ ብለው ሲሸኟት ቅንድቧ ዓይኗ ላይ ይወርድባታል። የሠለጠነ ሐኪም ይህንን መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ያየዋል። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጡንቻ የሚያደክም በሽታ አለብሽ ወይ ይላል። በቅርቡ ጄንታማይሲን ተወግተሽ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የዚያ ዓይነት አንቲባዮቲክ የመርዙን ጉልበት ይጨምራል። ከዚያም ሲያስፈልግ «ላንቺ አይሆንም፣ ሂጂ» ይላል። ለእኔ የሐኪም ሙያ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቅናሽ አስተዋውቃ ወንበር ላይ ያስቀመጠቻትን ሴት «ሂጂ» የምትል ሳሎን አላየሁም።

ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ደሴ አፍንጫ ሥር ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ለቆዳና ለዓይን ሕክምና ስሙን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ስንት የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ደጁን ረግጧል! የሥጋ ደዌ የፊት ነርቭን ሲጎዳ ዓይን አልከደን ይላል። ያ ሰው ምን እንደሚያጣ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። አንድ የፊት ነርቭ ስንት እንደሚያወጣ የምታውቅ አገር ፊቷን ለሦስት ቀን ሥልጠና እንዴት ትሰጣለች?

«ገበያው እንዳያመልጣቸው ነው» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ሐኪም ዘንድ ዋጋው ይወደዳል፤ እውነት ነው። ግን ፈቃድ ያለው ሐኪም ሲያጠፋ ስሙ ይታወቃል፣ ፈቃዱም ሊነጠቅ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ማንን ትክሰስ?

ብልቃጡስ ከየት መጣ? በሻንጣ እንደሚገባ ይወራል። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከተበጠበጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዱባይ በሻንጣ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ ተጉዞ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከሚሪንዳ ጎን ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍሎሪዳ ውስጥ አራት ሰዎች ለሰው ያልተፈቀደ መርዝ ተወግተው ሽባ ሆነው ሆስፒታል ገቡ። የወጋቸው ፈቃዱ የታገደ ሐኪም ነበር፤ ራሱም ከአራቱ አንዱ ነው። የሕክምና ትምህርት የተማረ ሰው እንዲህ ከሆነ የብልቃጡን ጽሑፍ አንብባ የማትረዳ ምን ልትሆን ነው?

እህቴ፣ እጅሽ ቀላል ነው፤ ቅንድብ ትሠሪያለሽ፣ ሹሩባ ትሠሪያለሽ፣ ሙሽራ ታስውቢያለሽ። ማንም አይቀማሽም። መርፌውን ግን አስቀምጪው።

የደሴና የኮምቦልቻ የጤና ኃላፊዎችም ዝም ማለታችሁ ይብቃ። ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አላችሁ። ከሰርጉ ወቅት በፊት ሳሎኖቹ ግቡ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰርተፊኬት ተዉት። ፍሪጁን ክፈቱ።