ለ100 ሚሊ ሰከንድ የሚተኛ ኮድ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥቂት ወጣቶች ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር) አስተምራለሁ። በቅርቡ በሶፍትዌር ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ወዳጄ ጎራ ብሎ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አየና «መብራት እንደፈለገው በሚሄድበት ሰፈር ስለ ሚሊ ሰከንድ ምን አስጨነቃችሁ?» አለን። ሰሌዳው ላይ የነበረው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) አንድን የፕሮሰሰር ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል) እንዴት ከሥራ እንደሚያስወጣ ነው። ጥያቄው የቅንነት ስለሆነ መልሱን በወጉ ልስጥ።

መብራት ሲሄድ በክፍላችን መጀመሪያ የሚሰማው የዩፒኤሱ ጩኸት ነው። ባትሪው አርጅቷል፤ ልጆቹ የጀመሩትን ሴቭ አድርገው ማሽኑን ሰስፔንድ እስኪያደርጉ (የተከፈተው ሳይዘጋ እስኪያስተኙት) ይሯሯጣሉ። በዚያች ሰዓት ሊኑክስ ከአንዱ ኮር በቀር ሌሎቹን በሙሉ ያጠፋል። ይህ የአምፖል ማጥፊያ እንደ መጫን አይደለም። ኮሩ ላይ የነበሩት ሥራዎች ወደ ሌሎች ኮሮች ይዛወራሉ፤ ወደ እሱ ይመጡ ለነበሩት ኢንተራፕቶች (ከኪቦርድ፣ ከዲስክና ከመሳሰሉት ለሚመጡ የ«ስማኝ» ጥሪዎች) ሌላ ተቀባይ ይፈለጋል፤ ታይመሮቹ ወደ ሌላ ኮር ይወሰዳሉ፤ ሌሎቹም ኮሮች ለአፍታ ሥራቸውን ያቆማሉ። በመጨረሻ ተሰናባቹ ኮር «በቃ፣ ወጥቻለሁ» የሚል ምልክት ይተዋል። የሚያጠፋው ኮር ያን ምልክት ይጠብቃል።

ጥፋቱ የነበረው በዚህ ጥበቃ ላይ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ የሚሠራው ኮድ ምልክቱን አንዴ ያይ ነበር፤ ካጣው 100 ሚሊ ሰከንድ ይተኛ ነበር፤ ነቅቶ እንደገና ያይ ነበር። ኮዱ በተኛበት ቅጽበት ተሰናባቹ ኮር ሥራውን ቢጨርስም ኮዱን የሚቀሰቅሰው አልነበረም።

ለተማሪዎቼ ያስረዳሁት በታክሲ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳ ታክሲ ሲሞላ ረዳቱ በሩን እየዘጋ «ሳበው!» ይላል፤ ሹፌሩም ወዲያው ይነሳል። ሹፌሩ ረዳቱን መስማት ትቶ ጋቢና ውስጥ አንቀላፍቶ በየአሥር ደቂቃው ዞር እያለ ወንበር ቢቆጥር፣ ሰው የሞላበት መኪና ቆሞ ይውላል።

በፈረንጆቹ 2014 ኮዱ ተስተካከለ። ለእያንዳንዱ ኮር «ሳበው» የሚልበት መንገድ ተበጀለት፤ ጠባቂው የሚነቃው በጥሪ ሆነ። ለውጡን ያቀረቡት ሰዎች ሲሞክሩት፣ አንድን ኮር ለማጥፋት ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅ የነበረው ከ5 በታች ወረደ። 48 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ የሰስፔንድ ጊዜው በ2.3 ሰከንድ አጠረ። ስለዚያ 100 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ የጻፉት ግልጽ ነው፦ ከድሮ የቀረ ነው እንጂ ምክንያት የለውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። አንድ ሰው ድሮ «ለማንኛውም ትንሽ ይጠብቅ» ብሎ አንድ ቁጥር አስቀመጠ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ቁጥሩን አልፎት ሄደ። ትምህርቱም ቶሎ አልተዳረሰም። በአርም ፕሮሰሰሮች (በብዙ ስልኮች ውስጥ ባለው ዓይነት) በኩል ተመሳሳይ ጥበቃ በ10 ሚሊ ሰከንድ ተቀምጦ ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮሮች ተራ በተራ ሲጠፉ ጊዜው እንደሚከማች ታይቶ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የወረደው በ2019 ነው።

ወዳጄ ትክክል የሆነበት ቦታ አለ። ባለ 4 ኮር ላፕቶፕ ላይ የሚጠፉት ሦስት ኮሮች ናቸው፤ ቢበዛ የሰከንድ ሲሶ ነው የምናተርፈው። ባትሪያችንን የሚያድነው ይህ ብቻ ነው አልልም። ግን ያው ልማድ በራሳችን ኮድ ውስጥ ሞልቷል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የክፍያ ማረጋገጫውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ መልስ መጣ አልመጣ 5 ሰከንድ ተኝቶ የሚያይ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ፊት የሚሰለፉትን እናቶች አያቸው ነበር። ደረሰኛቸውን የሚጠብቁት ማሽኑ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ኮዴ ተኝቶ እንደሆነ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ የምታስተምሩ መምህራንን እለምናለሁ፦ ተማሪዎቹ ትርጓሜ ከመሸምደድ ይልቅ ይለኩ። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ኮር «ኦንላይን» የሚባል ፋይል አለው፤ 0 ሲጻፍበት ኮሩ ይጠፋል፣ 1 ሲጻፍበት ይመለሳል። በብዙ ማሽኖች ላይ የመጀመሪያው ኮር ብቻ እንቢ ይላል። ለዚህ ላቦራቶሪም በጀትም አያስፈልግም፤ አሮጌ ላፕቶፕና የሰዓት ትእዛዝ ይበቃል።

የእኔ ልጆች ያደረጉት ይህን ነው። ሙከራው እንዳለቀ ከሁሉ ዝምተኛዋ ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ለምን ሁሉንም በአንዴ አያጠፋቸውም?» አለችኝ። በ2023 ኮሮችን ማስነሳት በትይዩ እንዲሆን ተደርጓል፤ የዚያ ሥራ እጅ ግን ወደ ማጥፋቱ አልደረሰም። አንዱ እየወጣ ሌላው እንዳይነካ የሚጠብቅ ቁልፍ (በእንግሊዝኛው «ሎክ») ኮዱ ውስጥ አለና ተራ በተራ ነው የሚሄዱት። ይህን ነግሬያት ስጨርስ «ቁልፉ የተጻፈበትን ፋይል ያሳዩኝ» አለች። ከፈትኩላት፤ እኔም ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።